ስኩተርን በራስ እጅ መጠገንና ማሻሻል፦ ከካንዴላ እስከ ቺንጋ

ስኩተር ሲደክም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዕቃ መግዛት ነው። አዲስ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው)፣ ቀለል ያለ ሮለር (ማርሹን የሚቀይረው ትንሽ ክብ ክብደት)፣ ድምፁ ወፈር ያለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)። ገንዘቡ ይወጣል፣ ስኩተሩ ግን ያው ነው። ባረጀ ቺንጋ (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ በሚያደርሰው የጎማ ቀበቶ) ላይ አዲስ ሮለር ምንም አይሠራም። የቫልቩ ክፍተት የጠበበ ሞተርም ካርቡሬተር ስለተቀየረለት ጠዋት አይነሳም። ስለዚህ እዚህ ጥገናው ይቀድማል፣ ማሻሻያው ይከተላል። እንዲያውም ጥገናውን በሥርዓት የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ማሻሻያውን ይተወዋል። የጠፋበትን ፍጥነት መልሶ ያገኛላ!

የማወራው ከ50 እስከ 150 ሲሲ ስላላቸው፣ ማርሽ በእጅ ስለማይቀየርባቸው ስኩተሮች ነው። አብዛኞቹ ባለ 4 ምትና ባለ ካርቡሬተር ናቸው። የእናንተው ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጭ ከሆነ የካርቡሬተሩን ክፍል ዝለሉት፤ ሌላው ያው ነው። ባለ 2 ምት የሆነ ደግሞ የቫልቩን ክፍል ይለፈው፤ ማስተካከያ የሚፈልግ ቫልቭ የለውም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቤት ውስጥ ሲባል ክፍል ውስጥ ማለት አይደለም። ሞተር በተዘጋ ቦታ አይነሳም፤ ከማርሚታ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቶሎም ይገድላል። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ወለል ወለሉን ሄዶ ራቅ ያለ ምድጃ ወይም ሻማ ያገኛል። ግቢ ወይም በሩ ሰፊ ሆኖ የተከፈተ መጋዘን ይበቃል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ጥሩ ካቻቪቴ፣ ከ8 እስከ 19 ቁጥር ቡሶላ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ (የሞተሩን ብልጭታ የሚሰጠው) መፍቻ፣ ቮልት የሚለካ ቴስተር፣ የቫልቭ ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች። ሁለት ነገር ላይ ግን አትቆጥቡ። አንዱ ዳዶ የጠበቀበትን ልክ የሚያሳይ የቶርክ ቁልፍ ነው። የስኩተር ሞተር አካል አሉሚኒየም ነው፤ በእጅ ግምት ሲጠብቅ ጥርሱ ይበላል። ሌላው የስኩተራችሁ የአገልግሎት መጽሐፍ ነው። እዚህ የምሰጠው ቁጥር የተለመደው ነው። መጽሐፉ ሌላ ካለ መጽሐፉን ስሙት።

አንድ ልማድ ደግሞ አሁኑኑ ያዙ። የምትፈቱትን ሁሉ ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የፕላስቲክ ሽፋን ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል። ካርቶን ላይ የሽፋኑን ቅርጽ ሥላችሁ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ሰክታችሁ አስቀምጡ። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ሲገባ ከውስጥ ያለውን ነገር ይሰነጥቃል።

ሞተራችሁን እወቁ

ዕቃ ስትገዙ "የ50 ሲሲ" ማለት አይበቃም። ጂዋይ6 የሚባለው በጣም የተስፋፋ የሞተር ቤተሰብ በሞተሩ አካል ላይ ኮድ ተቀርጾበታል። 139ኪውኤምቢ (139QMB) የሚል ካገኛችሁ የመጀመሪያው 1 ባለ አንድ ሲሊንደር መሆኑን፣ 39 ደግሞ የሲሊንደሩን ስፋት በሚሊሜትር ይነግራችኋል። የፒስተኑ ጉዞ 41.5 ሚ.ሜ ስለሆነ ውጤቱ 50 ሲሲ ገደማ ይመጣል። 157ኪውኤምጄ (157QMJ) የሚለው 150 ሲሲው ነው፤ ስፋቱ 57.4፣ ጉዞው 57.8 ሚ.ሜ።

ቺንጋውም እንዲሁ ይናገራል። ጀርባው ላይ 669-18-30 ዓይነት ቁጥር አለው፤ ርዝመቱ 669 ሚ.ሜ፣ ስፋቱ 18 ሚ.ሜ፣ የጎኑ ማዕዘን 30 ዲግሪ ማለት ነው። ይኼው ሞተር ረጅም አካል ሲኖረው 729 ርዝመት ያለው ቺንጋ ይወስዳል። ስኩተሩ ሞዴሉ አንድ ሆኖ ቺንጋው የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን አውጥታችሁ አንብቡ።

አልነሳ ሲል

ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ እሳት፣ ነዳጅ፣ እመቃ (ድብልቁ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቅበት ግፊት)። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄደው መንገድ ይኼ ነው።

ሞተሪኖው (የማስነሻው ትንሽ ሞተር) ጭራሽ ካልዞረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ስኩተር ፍሬን ካልተያዘ ሞተሪኖውን አያዞርም። የፍሬን መብራቱ ካልበራ ከመያዣው ሥር ያለችው ትንሿ ማብሪያ ናት ጥፋተኛዋ። የጎን መቆሚያው ማብሪያም እንዲሁ ያስቆማል። ከዚያ ፊውዙን እዩ። ከዚያ ባትሪውን ለኩ፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ አርፎ ሲቀመጥ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል። ስታስነሱ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ደክሟል። ሞተሩ ተነስቶ ዙር ሲጨምር 14 ቮልት አካባቢ ካልደረሰ ደግሞ ባትሪ ብትቀይሩም መልሶ ይሞታል፤ ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ነው መታየት ያለበት።

እሳት፦ ካንዴላውን ፍቱ፣ ከገመዱ ጋር አገናኙት፣ የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና አስነሱ። ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ አርቁት፤ ከዚያ የሚተፋው ቤንዚን ይቀጣጠላል። ገመዱን በባዶ እጅ አትያዙ። ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ደህና ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ መጀመሪያ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ የገመዱን ኮፍያ ቀይሩ። ከዚያ በኋላ ነው ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) እና ሲዲአዩ (ብልጭታውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክ ሳጥን) የሚጠረጠሩት። የካንዴላው ጫፍ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚ.ሜ ይሁን።

ካንዴላውን ከፈታችሁት አይቀር ቀለሙን አንብቡ። ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ደረቅና ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ይናገራል። እርጥብና ዘይት የነካው ከሆነ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ አየር በዝቷል። ይሄ የመጨረሻው አደገኛው ነው። ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነውና እንዲሁ መንዳቱ ፒስተን ያስበላል።

ነዳጅ፦ ካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈታ አድርጉ፣ በዕቃ ያዙ። ቤንዚን ካልወረደ ወደ ላይ ሂዱ፦ ፊልትሮ፣ ቱቦ፣ የታንኩ ቧንቧ። ብዙ ስኩተሮች ላይ ይኼ ቧንቧ የሚከፈተው ሞተሩ አየር ሲስብ ነው። ቀጭኗን የአየር ቱቦ ንቀሉና ውስጧን እዩ። ቤንዚን ካለባት የቧንቧው ውስጠኛ ጎማ ተቀዷል ማለት ነው። ሞተሩ በዚያች ቱቦ ያለ ልክ ቤንዚን ይጠጣል፣ እናንተ ካርቡሬተር ስታጥቡ ትከርማላችሁ።

እመቃ፦ የእመቃ መለኪያ በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ያዙ፣ ቁጥሩ መጨመር እስኪያቆም አስነሱ። ጤነኛ ትንሽ ባለ 4 ምት ሞተር ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ባር ይሰጣል። ካነሰ በሻይ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና ድጋሚ ለኩ። ከፍ ካለ የፒስተኑ ቀለበቶች ናቸው። ንቅንቅ ካላለ ቫልቩ ጋ ሂዱ። ሞተር ይውረድ ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ግን የቫልቩን ክፍተት አስተካክላችሁ ለኩት። ሞተሩ "ሞቷል" ተብሎ ክፍተቱ ብቻ ጠብቦ የሚገኝበት ጊዜ ትንሽ አይደለም።

ካርቡሬተር ማጠብ

ለወራት የቆመ ስኩተር ካልተነሳ ወይም የሚነሳው ጋዝ ሲሰጠው ብቻ ከሆነ፣ የደረቀ ቤንዚን ቀዳዳ ዘግቷል። ቤንዚን ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። መጀመሪያ የሚደፈነው በሚኒሞ (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲዞር) ጊዜ ነዳጅ የሚሰጠው ትንሹ ጄት (ቀዳዳ ያለው የናስ ብሎን) ነው፤ ቀዳዳው በጣም ጠባብ ነው።

ካርቡሬተሩን ከማውረዳችሁ በፊት ቤንዚኑን አፍስሱ። ሥሩ ያለውን ሳህን ስትከፍቱ ተንሳፋፊውንና ከሱ ጋር የተያያዘችውን መርፌ ታያላችሁ። የመርፌዋ ጫፍ ክብ ጭረት ካለው ቀይሩት፤ ካርቡሬተር የሚያስተፋው እሱ ነው። ትልቁንና ትንሹን ጄት ልክ በሚገጥም ካቻቪቴ ፍቱ። ናስ ለስላሳ ነው፣ አፉ ከተበላ ማውጣት ጣጣ ነው። ወደ ብርሃን አንሱና በቀዳዳው ተመልከቱ። ክብ ብርሃን ካልታየ ተደፍኗል። የካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይና የታመቀ አየር ይበቃል። እምቢ ካለ ቀጭን የናይለን ክር ወይም ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ አንድ የመዳብ ዘለላ ተጠቀሙ። የብረት ሽቦና መርፌ ቀዳዳውን ያሰፉታል። ቀዳዳው ከሰፋ ጄቱ ሌላ ቁጥር ሆነ ማለት ነው። ስትረጩ መነጽር አድርጉ፤ በአንዱ ቀዳዳ የገባው በሌላው ዓይን ላይ ይመጣል።

የድብልቅ ማስተካከያዋን ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ውስጥ ቀስ ብላችሁ እስክትቆም አዙሩና ስንት ዙር እንደሄደች ጻፉ። አታጥብቋት፣ ጫፏ ይሰበራል። ስትመልሱ ያንኑ ያህል አውጡ። የጻፋችሁት ከጠፋ 2 ዙር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ በሩብ ዙር እያንቀሳቀሳችሁ ሚኒሞው ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ቦታ ፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ብሎኗ በሞተሩ በኩል ከሆነች ነዳጅ የምትቆጣጠር ናት፤ ስትወጣ ነዳጅ ይጨምራል። በአየር ፊልትሮው በኩል ከሆነች አየር ነው የምትቆጣጠረው፤ ስትወጣ ነዳጁ ይሳሳል። የባለ 2 ምቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ጎኑ ላይ ሁለት ሽቦ ያለው ጥቁር ሲሊንደር አውቶማቲክ ቾክ ነው። ሲቀዘቅዝ ተጨማሪ ነዳጅ ይለቃል፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ እየሞቀ መርፌው ይረዝምና ይዘጋል። አውጥታችሁ በቀጥታ ከ12 ቮልት ጋር አገናኙት። በደቂቃዎች ውስጥ መርፌው መውጣት አለበት። ካልወጣ፣ ሞተሩ ሲሞቅ እየታፈነ ቤንዚን የሚበላበት ምክንያት ተገኘ።

ሁሉም ታጥቦ ሚኒሞው አሁንም ወጣ ገባ ካለ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለውን ክርን የመሰለ የጎማ ቱቦ እዩ። አጥፋችሁ ተመልከቱት፣ ስንጥቁ የሚታየው ሲታጠፍ ነው።

የቫልቭ ክፍተት

ሞተሩ ፍጹም መቀዝቀዝ አለበት፤ ሌሊቱን ያደረ ይሁን። የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ራስ) ሽፋን ክፈቱ፣ ካንዴላውን አውጡ፣ በቮላኖው (ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) በኩል ያለውን ማራገቢያ በእጅ እያዞራችሁ ቲ ቅርጽ ያለውን ምልክት አካሉ ላይ ካለው ምልክት ጋር አገጣጥሙ። ምልክቱ በሁለት ዙር ሁለት ጊዜ ይገጥማል፤ ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱንም የቫልቭ ጣቶች በእጅ ነካ ነካ አድርጉ። ሁለቱም ትንሽ ልል ካሉ ቦታው ነው። አንዱ የጠበቀ ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ።

ክፍተቱ (በጣቱና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያለው) በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.15 ሚ.ሜ ውስጥ ነው፤ ልኩን ከመጽሐፉ ውሰዱ። ስሱን ብረት አስገቡና ስትስቡት ያዝ ማድረግ አለበት፣ መቀርቀር የለበትም። ማቆሚያዋን ዳዶ ስታጠብቁ ብሎኗ አብራ ትዞራለችና በካቻቪቴ ያዟት፣ ከጠበቀ በኋላም ድጋሚ ለኩ።

ቲክ ቲክ የሚል ቫልቭ ብዙም አያስፈራ። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። ክፍተት ያጣ ቫልቭ ሞተሩ ሲግል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ቀስ በቀስም ይቃጠላል። ቀዝቃዛ ሆኖ የሚነሳ፣ ከጋለ በኋላ ግን ሲያጠፉት እምቢ የሚል ስኩተር መጀመሪያ እዚህ ጋ ይታይ።

ዘይት፣ ሁለት ቦታ

የሞተር ዘይት ሁሉም ያውቃል። የ50 ሲሲ ሞተር ከ1 ሊትር በታች ስለሚይዝ ትንሽ ጉድለት እንኳ ይጎዳዋል። ጂዋይ6 ላይ ትልቁን የማፍሰሻ ክዳን ስትፈቱ ሞላና ወንፊት ተከትለው ይወድቃሉ፤ ዘይት መቀበያው ውስጥ ፈልጓቸው፣ እጠቧቸው፣ መልሷቸው። የሚረሳው የኋላ ጎማው ጋ ያለው የካምቢዮ (የማርሽ) ዘይት ነው። 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ ነው የሚይዘው፣ አንዳንዱ ስኩተር ከተገዛ ጀምሮ አልተቀየረለትም። መሙያውን ሳትከፍቱ ማፍሰሻውን አትክፈቱ። መሙያው ተጣብቆ እምቢ ቢል ባዶ ካምቢዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ቺንጋውና ቫሪያተሩ

የስኩተር ነፍስ እዚህ ነው ያለችው። አሠራሩን ያልገባው ሰው ደግሞ ማሻሻል አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የመጀመሪያው ቬስፓ ማርሹ በግራ እጅ ይቀየር ነበር። የዛሬዎቹ ግን በቺንጋ የሚሄዱ ናቸው፤ ሐሳቡን የሆላንዱ ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1958 በትንሽ መኪና ላይ አውጥቶት ነበር። ፊት ለፊት ሁለት ሾጣጣ ሳህኖች አሉ። አንዱ ቋሚ ነው፣ ሌላው ይንቀሳቀሳል፤ ይኼኛው ከነሮለሮቹ ቫሪያተር ይባላል። ከሚንቀሳቀሰው ጀርባ ስድስት ሮለሮች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ሮለሮቹ ወደ ውጭ ይወረወራሉ፣ ሳህኑን ይገፉታል፣ ሳህኖቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ጠርዝ ይወጣል። ከኋላ ያለው ጥንድ በሞላ ተይዟል። ቺንጋው ሲስበው ይከፈታል፣ ቺንጋው ወደ መሐል ይሰምጣል። ስለዚህ ከባድ ማርሽ የሚገባው በሮለሩና በሞላው ትግል ነው። ፍሪሲዮኑ (ኃይሉን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው) ከኋላ ጫፍ ላይ ሆኖ ዙር ሲበዛ ተከፍቶ ደወል የሚመስለውን ክዳን ይይዛል።

አፈታቱ እንዲህ ነው።

1. ስኩተሩን በመካከለኛው መቆሚያ አቁሙት። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፤ እጃችሁ ውስጥ እያለ ሞተሪኖው እንዳይዞር ነው። የግራውን ሽፋን ብሎኖች በመስቀለኛ እየተዟዟራችሁ ፍቱ። ከተጣበቀ በጎማ መዶሻ ነካ ነካ አድርጉት፣ ካቻቪቴ አትሰንጉበት።

2. አቧራውን በአየር አትንፉ። የፍሪሲዮን ሸራ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። ጭንብል አድርጉ፣ በፍሬን ማጠቢያ አርጥባችሁ ጥረጉ።

3. የፊቱን ዳዶ ፍቱ። ሳህኑን የሚይዝ መሣሪያ ወይም የሚመታ የኤሌክትሪክ መፍቻ ያስፈልጋል። የማራገቢያውን ክንፍ በካቻቪቴ ሰንጎ መፍታት የተለመደ አቋራጭ ነው። ክንፉ ይሰበራል፣ ሚዛኑ ይዛባል፣ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

4. ቋሚውን ሳህን፣ ከዚያ ቺንጋውን፣ ከዚያ ቫሪያተሩን አውጡ። ቫሪያተሩን ከጀርባው ደግፋችሁ ያዙ፣ አለዚያ ሮለሮቹ ይበተናሉ።

5. አሁን ፈትሹ። ሮለር ክብ መሆን አለበት፤ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ስድስቱንም በአንድ ላይ ቀይሩ። ቺንጋውን ገልብጣችሁ አጥፉት፣ በጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ ፈልጉ። ስፋቱን ለኩ። ስፋቱ ያለቀ ቺንጋ ወደ ፊተኛው ጠርዝ አይደርስም፣ ትልቁ ፍጥነት የሚጠፋው በዚህ ነው። የፍሪሲዮኑ ክዳን ሰማያዊ ከሆነ ብዙ ግሏል። ሸራው እንደ መስታወት ካበራ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት።

6. ሳህኖቹ ደርቀው፣ ያለ ዘይትና ያለ ግራሶ ይግቡ። ሮለሮቹንም ግራሶ አትቀቡ፣ አምራቹ ካላዘዘ በቀር። አቧራ ይሰበስብና ይጣበቃል።

7. በመግጠም ላይ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይቺን ያዙ። የኋላውን ሳህኖች በእጅ ከፍታችሁ ቺንጋውን ወደ ውስጥ አስምጡት። ፊት ለፊት ያለው ቺንጋ ላላ ብሎ ወደ መሐል መውረድ አለበት። ካልወረደ ቋሚው ሳህን ቺንጋው ላይ ያርፋል እንጂ ጥርሱ ውስጥ አይገባም። ዳዶው የጠበቀ ይመስላል፤ ስትነዱ ቺንጋው ይንቀሳቀስና ዳዶው ይላላል። ከዚያ የዘንጉ ጥርስ ይላጫል። የዘንግ መቀየር ደግሞ ሞተር ሙሉ ማውረድ ነው።

8. ቺንጋው ቀስት ካለው ወደ መዞሪያው አቅጣጫ ይሁን። ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ በመጽሐፉ ልክ አጥብቁ። ሽፋኑን ከመግጠማችሁ በፊት የኋላውን ሳህኖች በእጅ አዙሩ፣ ቺንጋው እስኪወጠር ድረስ።

የኋላውን ጥንድ ራሱን ለመፍታት ከፈለጋችሁ ጥንቃቄ ይብዛ። መሐሉ ያለው ሞላ ታምቋል። ትልቁን ዳዶ ስትፈቱ ፍሪሲዮኑን ከላይ በሰውነት ክብደት ወይም በማመቂያ ያዙት፣ ፊታችሁን አርቁ።

ፍሬን፣ ፍጥነት ከመጨመሩ በፊት

የፍሬን ሸራ ከ2 ሚ.ሜ ሲያንስ ይቀየራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ በየ2 ዓመቱ መቀየር አለበት። ክዳኑ ላይ ዶት 4 ካለ ዶት 4 ብቻ ጨምሩ። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፣ አይቀላቀልም። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ እጠቡት፤ ቀለም ይልጣል።

አየር ለማስወጣት ግልጽ ቱቦ በማስተንፈሻዋ ብሎን ላይ ሰክታችሁ ጫፉን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ። መያዣውን ጨምቁና ያዙ፣ ብሎኗን ክፈቱ፣ ዝጉ፣ መያዣውን ልቀቁ። ከመዝጋታችሁ በፊት ከለቀቃችሁ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ላይ ያለው ዕቃ ባዶ እንዳይሆን እያያችሁ አረፋው እስኪያልቅ ቀጥሉ። ከበሮ ፍሬን ከሆነ የገመዱን ዳዶ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካስተካከላችሁ በኋላ ጎማው ነጻ ሆኖ መዞሩን እዩ።

አሁን ማሻሻያ

መጀመሪያ መለካት። ቋሚውና ተንቀሳቃሹ ሳህን ላይ ከመሐል እስከ ጠርዝ በማርከር መስመር አስምሩ። ገጥማችሁ ክፍት መንገድ ላይ ሕጉ በሚፈቅደው ልክ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ተመለሱ፣ ክፈቱ። ቺንጋው የደረሰበት ድረስ ቀለሙ ጠፍቷል። ጠርዝ ድረስ ከጠፋ ቫሪያተሩ ሥራውን ጨርሷል፤ ሮለር መቀየር ትልቁን ፍጥነት አይጨምርም። ቀለም ከተረፈ ያ የተረፈው ነው ያልተጠቀማችሁበት ፍጥነት።

ሮለር በክብደት ይሸጣል፣ በግማሽ ግራም ልዩነት። ቀላል ሮለር ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ያቆየዋል፤ አነሳሱ ይፈጥናል፣ ዳገት ይወጣል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሜዳ ላይ ይጮኻል። ከባድ ሮለር ተቃራኒው ነው፤ ቶሎ ወደ ከባድ ማርሽ ይገባል፣ ሲነሳ ይንቀራፈፋል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ወይም ከ1 ግራም በላይ አትለውጡ፣ ሌላ ነገርም አብራችሁ አትንኩ። ሮለር፣ ሞላና ጄት በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንዳበላሸ አያውቅም።

የኋላውን ሞላ ጠንካራ ማድረግ ፋሽን ሆኗል። ለተራ ሞተር አያስፈልግም። ጠንካራ ሞላ ቺንጋውን አጥብቆ ይይዛል፣ ግን ሙቀት ይጨምራል፣ ቺንጋ ይበላል። አቅሙ ላደገ ሞተር ነው የሚገባው።

ማርሚታና ክፍት የአየር ፊልትሮ የሚገጥሙ ሰዎች የሚረሱት ጄቱን ነው። አየር ሲበዛ ነዳጅ ካልተከተለ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ትልቁን ጄት ከሚያስፈልገው አንድ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ ካንዴላውን እያነበባችሁ ውረዱ። ከታች ወደ ላይ መሄድ ፒስተን ላይ ቁማር ነው። እውነቱን ለመናገር የፋብሪካው ፊልትሮ ለመንገድ ከሁሉም ይሻላል።

ትልቅ ሲሊንደር መግጠም እውነተኛ ለውጥ ያመጣል። በ139ኪውኤምቢ ላይ 39 ሚ.ሜውን በ47 ሚ.ሜ ስትተኩ 50 ሲሲው 72 ይሆናል። ግን ጄት፣ ሮለር፣ አንዳንዴም ቴስታታ ይከተላሉ። ሲሊንደሩ ሥር ያለውን የድሮ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በምላጭ በጥንቃቄ አንሱ፣ የሞተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። የፒስተኑን ፒን የምትይዘው ትንሽ ቀለበት ዘላ ከገባች ሞተሩ ይበተናል። የፒስተኑ ቀለበቶች አፍ በአንድ መስመር እንዳይገጥም አራርቁት።

የ50 ሲሲ ስኩተሮች ብዙ ጊዜ በሕግ የታሰሩ ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ገደቡ በሰዓት 45 ኪ.ሜ ነው። ማሰሪያው ቫሪያተሩ ውስጥ የገባ ሮንዴላ፣ ማርሚታው ውስጥ ያለ ጠባብ ቀለበት ወይም ዙር የሚቆርጥ ሲዲአይ ሊሆን ይችላል። ማውጣቱ ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስኩተሩ በወረቀቱ ላይ ያለው ስኩተር አይደለም፤ መንጃ ፈቃዱም ኢንሹራንሱም ላይሸፍነው ይችላል። የአገራችሁን ሕግ አስቀድማችሁ እዩ። ፍሬኑንም አስቡ፦ ከ45 ወደ 60 ኪ.ሜ ስትወጡ ለማቆም የሚጠፋው ጉልበት በ78 በመቶ ይጨምራል። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው።

መብራት በኤልኢዲ መቀየር የምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር ለኩ። ብዙ አሮጌ ስኩተሮች የፊት መብራቱን የሚያበሩት በቀጥታ ከጄኔሬተሩ በሚመጣ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ ቴስተሩን በሁለቱም መለኪያ ሞክሩት። ተለዋዋጭ ከሆነ ተራ ኤልኢዲ ይብለጨለጫል ወይም ይቃጠላል፤ ሁለቱንም የሚቀበል አምፖል ግዙ። ፍሬቻውን ስትቀይሩ በፍጥነት የሚያርገበግብ ከሆነም አምፖሉ አልተበላሸም። የድሮው ሪሌ የአምፖሉን ጭነት ስለሚጠብቅ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሪሌ ተኩት።

አዲስ ሲሊንደር ወይም አዲስ የፒስተን ቀለበት ከገባ መጀመሪያው ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻ አትያዙ፣ አንድ ፍጥነት ላይም ለረጅም ጊዜ አትቆዩ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ዳዶዎች በመስቀለኛ በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ፣ የቫልቩን ክፍተት ድጋሚ ለኩ፣ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ አፍስሱ። የወጣውን ዘይት በብርሃን እዩት፤ የብረት ብናኝ ትንሽ ያበራል፣ የሚጠበቅ ነው። ስብርባሪ ከታየ ግን ሞተሩን ሳታስነሱ ክፈቱት።